የክህሎት ሙከራ በሦስት ዳይስ፦ የአማርኛ የሚና ጨዋታ ሕግ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 2

የሚሠራው፦ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ታሪክ በጋራ የሚሠራበት ጨዋታ) በአማርኛ ለሚጫወቱ ሰዎች፣ የክህሎት ሙከራን ብቻ የሚያስረዳ፣ ፊትና ጀርባው የታተመ አንድ ኤ4 ወረቀት። ከእሱ ጋር ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ካርድ፣ ለጠረጴዛው አራት ዳይስ፤ ሦስቱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ። ውጊያና አስማት እዚህ ውስጥ አይገቡም።

መነሻው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው፣ ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለው የታወቀ የሚና ጨዋታ አምስተኛ እትም ነው። የሙከራው ሕግ አጭር ነው። ተጫዋቹ ገጸ ባሕርዩ ምን እንደሚያደርግ ይናገራል። ነገሩ ሊሳካም ሊከሽፍም የሚችል ከሆነ ጨዋታ መሪው (ታሪኩን የሚመራውና ሕጉን የሚዳኘው ሰው) የሥራውን ክብደት የሚያሳይ የክብደት ቁጥር ይቆርጣል። ተጫዋቹ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ጥሎ ጭማሪውን፣ ማለትም የገጸ ባሕርዩ ችሎታ የሚሰጠውን ቁጥር፣ ይደምራል፤ ድምሩ የክብደት ቁጥሩን ከደረሰ ወይም ካለፈ ተሳካ። ቁጥሮቹ 5 ለበጣም ቀላል፣ 10 ለቀላል፣ 15 ለመካከለኛ፣ 20 ለከባድ፣ 25 ለበጣም ከባድ፣ 30 ደግሞ የማይቻል ለሚመስል ሥራ ናቸው።

የዚህ እትም መሠረታዊ ሕግ ሰነድ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ መተርጎምም ማሻሻልም ይቻላል፤ የሚጠየቀው ምንጩን መጥቀስ ነው። የምንጩ መስመር ከወረቀቱ ግርጌ በትንሽ ፊደል ይገባል። ቦታው ከአሁኑ ይያዝለት፤ መጨረሻ ላይ ሲታወስ ገጹ ሞልቶ ይገኛል።

ዳይሱን ግን እንቀይራለን። ባለ 20 ገጽ በየሱቁ አይገኝም፤ ባለ 6 ገጽ ከማንኛውም የሉዶ ሳጥን ይወጣል። ሦስት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ሲደመሩ አማካዩ 10.5 ነው፤ የአንድ ባለ 20 ገጽ ዳይስ አማካይም 10.5። ይህ መገጣጠም ሥራውን የሚያቀልል ይመስላል። ቁጥሮቹ ግን እንዳሉ አይወሰዱም፤ ወደዚያ እንመለስበታለን።

ኅዳር 5

ቃላቱ።

መጀመሪያ «ፈተና» ብለን ነበር፤ ሰረዝነው። «የማድፈጥ ፈተና ውሰድ» ሲባል የትምህርት ቤት ሽታ አለው፤ ተጫዋቹም ትክክለኛ መልስ መፈለግ ይጀምራል። «ሙከራ» ይሻላል፦ ሰው ሞክሮ ይሳካለታል ወይም አይሳካለትም። በዳይሱ ድምር ላይ የሚገባው «ጭማሪ»፣ ከዜሮ በታች ሲሆን «ቅናሽ» ተብሏል። ጨዋታ መሪው የሚቆርጠው «የክብደት ቁጥር» ነው። «ዒላማ» የሚለውንም ሞክረን ነበር፤ ቀስት ከሚወረውር ሰው ጋር እየተምታታ አስቸገረ።

የመነሻው ሕግ 18 ክህሎቶች አሉት፤ እኛ ወደ 12 አውርደናቸዋል፦ ጉልበት፣ ቅልጥፍና፣ ማድፈጥ፣ ንቃት፣ ዕውቀት፣ ሕክምና፣ ዱካ ማንበብ፣ ከብት መያዝ፣ ሰው ማወቅ፣ ማግባባት፣ ማታለል፣ ማስፈራራት። ታሪክ፣ ተፈጥሮ፣ ሃይማኖትና የአስማት ትምህርት በ«ዕውቀት» ሥር ተጠቃለዋል፤ ለየብቻ ሲቆሙ አንዱ ተጫዋች የመረጠው ክህሎት ጨዋታው እስኪያልቅ ላይጠራ ይችላል። መገለባበጥና የእጅ ፍጥነት «ቅልጥፍና» ሆኑ። መመርመርና ማየት «ንቃት» ውስጥ ገቡ። በሰው ፊት ዘፍኖ ወይም ተርኮ ማስደሰት ከ«ማግባባት» ጋር ሄደ።

ማስፈራራትንም ከማግባባት ጋር ልንቀላቅል ነበር፤ ተውነው። ሲሳኩ እንኳ መጨረሻቸው አንድ አይደለም፦ በወግ የተግባባ ሰው ነገም በሩን ይከፍታል፣ የፈራ ሰው ግን ዞር ስትል ለአለቃው ይናገርብሃል። በስኬት የሚለያዩ ሁለት ክህሎቶች ተለይተው መቆየት አለባቸው።

ንቃት ያሳስባል። ሁለት ክህሎት በአንድ ስም ስለተጠቀለለ ሁሉም ሰው ይመርጠዋል። መፍትሔውን በቁጥር አላገኘነውም፤ ኅዳር 16 ላይ በሌላ መንገድ መጣ።

ጭማሪው ከሁለት ነገር ይመጣል። አንዱ ተፈጥሮ ነው፤ ከ1 ቅናሽ እስከ 3 ጭማሪ። ሌላው ሥልጠና፤ ክህሎቱን የሠለጠነበት ሰው 2 ይጨምራል። ጣሪያው 5 ነው። ከዚያ በላይ ካለፈ ሦስቱ ዳይስ ምንም ቢወድቁ ልዩነት አያመጡም።

ኅዳር 9

ቁጥሮቹ። ይህ ቀን ሙሉ በስሌት አለፈ።

ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር 5 በመቶ ዕድል አለው፤ 1ም 11ም 20ም እኩል ናቸው። በሦስት ዳይስ ግን 216 አወራረዶች አሉ፤ ከእነሱ 27ቱ 10 ሲሰጡ 27ቱ ደግሞ 11 ይሰጣሉ። 18 የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ውጤቱ መሀል ላይ ይከማቻል፤ አንዲት ጭማሪ መሀል አካባቢ ብዙ ትመዝናለች፣ ዳር ላይ ግን ትንሽ።

የመነሻው ቁጥር እንዳለ ቢወሰድ የሚሆነው ይህ ነው። ጭማሪ የሌለው ሰው በክብደት 15 ላይ በባለ 20 ገጽ ዳይስ 30 በመቶ ዕድል አለው፤ በሦስት ዳይስ 9.3 በመቶ ብቻ። በተቃራኒው 5 ጭማሪ ያለው ሰው ክብደት 10 ላይ በባለ 20 ገጽ 80 በመቶ ሲሆን በሦስት ዳይስ 98.1 በመቶ ይደርሳል። ቀላሉ ዳይስ የማያስፈልገው ሆነ፤ መካከለኛው ደግሞ ግድግዳ።

ስለዚህ አዲስ መሰላል፦ ቀላል 9፣ መካከለኛ 12፣ ከባድ 15፣ በጣም ከባድ 18። የመሳካት ዕድሉ፦

ጭማሪ 0፦ 74.1 በመቶ፣ 37.5፣ 9.3፣ 0.5
ጭማሪ 2፦ 90.7፣ 62.5፣ 25.9፣ 4.6
ጭማሪ 4፦ 98.1፣ 83.8፣ 50፣ 16.2
ጭማሪ 5፦ 99.5፣ 90.7፣ 62.5፣ 25.9

የዚህ መሰላል ጥሩነቱ መካከለኛው ረድፍ ላይ ይታያል። ሥልጠና የሌለው ሰው ከሦስት ጊዜ አንዴ በላይ ይሳካለታል፤ የሠለጠነ ሰው ከግማሽ በላይ፤ ተፈጥሮውም ሥልጠናውም ያለው ሰው ሙያውን እንደሚያውቅ ባለሙያ ይሠራል። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ላይ ባለሙያው በተራ ሥራ ደጋግሞ ሲወድቅ ጀማሪው በአንድ ውርወራ ሲበልጠው ይታያል። ለአንዳንድ ጨዋታ ያ ግርግር ይፈለጋል፤ ሙያ ዋጋ እንዲኖረው ለሚፈልግ ጠረጴዛ ግን ሦስቱ ዳይስ ይሻላሉ።

ቀይዋ ዳይስ የምትገባው ሁኔታው ሲያግዝ ወይም ሲያውክ ነው። ሲያግዝ አራቱ ይጣላሉ፣ ትንሹ ይወገዳል። ሲያውክ አራቱ ይጣላሉ፣ ትልቁ ይወገዳል። 12 ለማግኘት፦ ያለ ቀይ 37.5 በመቶ፣ በእገዛ 61.7፣ በእውክታ 17.5። 10 ለማግኘት፦ 62.5፣ 82.5፣ 38.3። ስለዚህ ቀይዋ መሀል አካባቢ የ2 ጭማሪን ያህል ጉልበት አላት። ከአንድ በላይ ቀይ አይፈቀድም፤ ሁለት ሦስት እገዛ ሲደራረብ ተጫዋቹ ሥራውን ትቶ ምክንያት መልቀም ይጀምራል። አንድ እገዛና አንድ እውክታ ባንድ ላይ ከመጡ ይሰረዛሉ፣ በሦስቱ ነጭ ይጣላል።

አንድ ተደጋጋሚ ስህተት፦ «ሦስት ስድስት ከወጣ ምንም ቢሆን ይሳካል» የሚል ልማድ። በመነሻው ሕግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2014ቱ እትም 20 መውጣቱ በራሱ የሚያሳካው የውጊያ ምት ላይ እንጂ የክህሎት ሙከራ ላይ አይደለም። እዚህም እንዲሁ። ድምሩ ካልደረሰ አልደረሰም።

ኅዳር 12

የዳይስ ምርመራ። አጭር ነው፤ ግን ርካሽ ዳይስ ውስጥ አየር ቋጥሮ የቀረ ካለ ከላይ ያለው ስሌት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

የመጀመሪያው መንገድ ጨው ነው። ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ዳይሱ እስኪንሳፈፍ ድረስ ጨው እየጨመሩ ማሟሟት፣ ከዚያ በጣት እየገፉ ደጋግሞ ማሽከርከር። አንድ ገጽ ብቻ ወደ ላይ እየተመለሰ ካስቸገረ ዳይሱ ሚዛኑ የተዛባ ነው። ከባድ ቁስ የሆነ ዳይስ በጨው ውኃም አይንሳፈፍም፤ ለእሱ ሁለተኛው መንገድ አለ።

120 ጊዜ መጣልና መጻፍ። እያንዳንዱ ገጽ 20 ጊዜ ይጠበቃል። የእያንዳንዱን ቆጠራ ከ20 መቀነስ፣ ልዩነቱን በራሱ ማባዛት፣ ስድስቱን መደመር፣ ለ20 ማካፈል። ለምሳሌ ቆጠራው 15፣ 24፣ 17፣ 22፣ 14፣ 28 ቢሆን የብዜቶቹ ድምር 154፣ ለ20 ሲካፈል 7.7 ይሆናል። ለስድስት ገጽ በስታቲስቲክስ የተለመደው ወሰን 11.07 ነው፤ 7.7 ከዚያ በታች ስለሆነ ዳይሱን የምንጠረጥርበት ምክንያት የለም፤ 28 ጊዜ የወጣው ገጽ ዓይን ቢስብም። ከ11.07 ካለፈ ወዲያው አይጣልም፤ ደህና ዳይስም ከ20 ጊዜ አንዴ ያህል ያልፈዋል። እንደገና 120 ጊዜ ይጣል፤ ሁለቴ ካለፈ ከሳጥኑ ይውጣ።

ኅዳር 16

የወረቀቱ ልብ እዚህ ነው። እስካሁን የሠራነው ሁሉ ዳይሱ ከተጠራ በኋላ ያለውን ይመለከታል። ጨዋታ የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ነው፤ መጠራት የሌለበት ሙከራ ሲጠራ።

ጨዋታ መሪው ዳይስ ከማስጣሉ በፊት አንድ ነገር በእጁ ሊኖር ይገባል፦ ቢከሽፍ ምን ይሆናል? መልሱ «ምንም» ከሆነ ሙከራ አይጠራም። የተቆለፈ ሳጥን፣ ማንም የማይመጣበት ቤት፣ መሣሪያው ያለው ባለሙያ። ቢከሽፍ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና፣ እስኪከፍተው። ያ ጊዜ ማባከን ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ሦስተኛ እትም ለዚህ ግልጽ ሕግ ነበረው፦ ቢከሽፍ የሚያስቀጣ ነገር ከሌለና ጊዜ ካለ፣ ሃያ እጥፍ ጊዜ ወስዶ ዳይሱ 20 እንደወጣ ይቆጠራል። በእኛ ወረቀት ይበልጥ ቀለል ብሎ ገብቷል፦ «ጊዜ ካለው፣ ሙያው ካለው፣ የሚያሳድደው ከሌለ፣ ይሳካለታል።» ዘበኛው በየሩብ ሰዓቱ የሚዞር ከሆነ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ አሁን ክሽፈት ትርጉም አለው፣ ዳይሱ ይጠራ።

ሁለተኛው ወጥመድ የመደጋገም ነው። አንዱ ተጫዋች «ይህን ምልክት ዐውቀዋለሁ?» ብሎ ይጥልና ይከሽፍበታል። ወዲያው ሌላው «እኔስ?»፣ ሦስተኛው «እኔም ልሞክር» ይላል። ጭማሪ በሌላቸው አምስት ሰዎች መካከለኛ ክብደት ላይ ቢያንስ አንዱ የሚሳካበት ዕድል 90.5 በመቶ ነው። ጨዋታ መሪው መካከለኛ ብሎ የቆረጠው ሥራ ሳያውቀው ከቀላሉም ቀሎ አረፈ። ሕጉ፦ አንድ ሰው ይጥላል፣ አንድ ሰው ሊያግዘው ይችላል፣ ቀይዋ ዳይስ ትገባለች፤ ሌላው ያንኑ ነገር በዚያው መንገድ አይሞክርም። አጋዡ ግን እንዴት እንደሚያግዝ መናገር አለበት። «አግዘዋለሁ» ብቻ አይበቃም፤ «ፋኖሱን አቀርብለታለሁ» ይበቃል።

የዚህ ግልባጭ ደግሞ የበለጠ ይጎዳል። አራት ሰዎች አድፍጠው ማለፍ ይፈልጋሉ፤ ጨዋታ መሪው እያንዳንዳቸውን ያስጥላል፤ አንዱ ከከሸፈ ሁሉም ተያዙ ይላል። አራቱም 62.5 በመቶ ያላቸው የሠለጠኑ ሰዎች ቢሆኑ እንኳ አራቱም የሚሳካላቸው 15.3 በመቶ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ተጫዋቾቹ ማድፈጥን ይተዋሉ፤ ልክም ናቸው። በመነሻው ሕግ መፍትሔው የቡድን ሙከራ ነው፦ ግማሽና ከዚያ በላይ ከተሳካላቸው ቡድኑ ያልፋል። በእነዚሁ ሰዎች 84.8 በመቶ ይሆናል። ከ15 ወደ 85፣ አንዲት ጭማሪ ሳትነካ። በጠረጴዛ ላይ ሲነገርም ያምራል፤ ጎበዙ የደከመውን እጁን ይዞ አሳልፎታል።

ሁሉም ይመርጠዋል ብለን የሰጋንበትን ንቃትንም ያዳነው ይኸው፣ ሙከራ መቼ እንደሚጠራ መለየቱ ነው። ተጫዋቹ «ክፍሉን እፈትሻለሁ» ካለ ሙከራ ሊሆን ይችላል። «ምንጣፉን ገልጬ ከሥሩ አያለሁ» ካለና ነገሩ ከምንጣፉ ሥር ካለ ግን አገኘው፤ ዳይስ ምን ይሠራል? ታሪኩ ወደፊት እንዲሄድ የግድ የሚያስፈልግ ፍንጭም ከሙከራ በስተጀርባ አይደበቅም። ፍንጩ ይሰጣል፤ ሙከራው የሚወስነው ተጨማሪውን ነው፤ ስንት ጊዜ እንደፈጀ፣ ማን እንዳየ፣ ምን ዱካ እንደተተወ።

ኅዳር 19

የልዩነት ሕግ። ስኬትና ክሽፈት ብቻ ሲኖር ለጥቂት የቀረ ድምር ያናድዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አፖካሊፕስ ወርልድ የተባለ ሌላ የሚና ጨዋታ በሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ ይጣላል፦ 10 እና ከዚያ በላይ ሙሉ ስኬት፣ ከ7 እስከ 9 ዋጋ የሚያስከፍል ስኬት፣ 6 እና በታች ክሽፈት። ያለ ጭማሪ መካከለኛው 41.7 በመቶ ይወስዳል፤ ጨዋታው ሆን ብሎ ችግር እንዲበዛ ይፈልጋልና።

እኛ ጠበብ አድርገነዋል፦ በ1 ወይም በ2 ከጎደለ «በዋጋ ይሳካል»። ጭማሪ በሌለው ሰው መካከለኛ ክብደት ላይ 37.5 በመቶ ንጹሕ ስኬት፣ 25 በመቶ በዋጋ፣ 37.5 በመቶ ክሽፈት ይሆናል። ይህን ክፍፍል ወደድነው።

ዋጋው ምን እንደሆነ መፈልሰፍ ግን ጨዋታ መሪውን ያደክማል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ አራት ቃላት ሰፈሩ፦ ጊዜ፣ ድምፅ፣ ንብረት፣ ውለታ። ሥራው ዘገየ፣ ሰው ሰማ፣ ዕቃ ተሰበረ ወይም አለቀ፣ ወይም የሰው ባለዕዳ ሆንክ። ዋጋው ስኬቱን መልሶ የሚበላ መሆን የለበትም፤ በሩ ተከፍቶ ወዲያው ዘበኛው ፊት ለፊት ቆሞ ከተገኘ ያ ክሽፈት ነው፣ ስሙን ብቻ የቀየረ። ምርጫው ለተጫዋቹ ሲሰጥ ይበልጥ ይሠራል፦ «ይከፈታል፤ ወይ መሣሪያህ ይሰበራል ወይ ቀስ ብለህ ትቆያለህ።»

ኅዳር 23

በሙከራ ትዕይንት ላይ ማስኬድ። የመረጥነው ትዕይንት፦ አሞሌ ጨው የጫኑ ሲራራ ነጋዴዎች ማታ ኬላ ይደርሳሉ። ለአማርኛ ተጫዋች ኬላ፣ ቀረጥ፣ አሞሌ ምን እንደሆነ ማስረዳት ስለማያስፈልግ ሕጉን ብቻ ለመፈተን ይመቻል። ጉድለቶቹ ቶሎ ታዩ።

አንደኛው ማግባባት ላይ ነው። «ጠባቂውን አግባባዋለሁ» ተብሎ ዳይስ ሲጣልና 16 ሲወጣ ምን ተገኘ? ተጫዋቹ ያለ ቀረጥ ማለፍ ጠብቋል፤ ጨዋታ መሪው ማደሪያ መስጠት ብቻ። ክርክር ተነሳ። ከመጣሉ በፊት የሚባለውና የሚፈለገው ይነገር፦ «‹ጌታዬ፣ በቅሎዎቹ ከማለዳ ጀምሮ ጭነት አልተራገፈላቸውም፤ ቀረጡን ነገ ጧት ቆጥረን እንከፍላለን፣ ለዛሬ ግቢ ውስጥ ያሳድሩን› እለዋለሁ።» አሁን የክብደት ቁጥር መቁረጥ ይቻላል። ጠባቂው ምንም የማያጣበት ልመና 9፣ ትንሽ የሚያሰጋው 12፣ ሹመቱን የሚያሳጣው 15 ወይም ከናካቴው ሙከራ የሌለው። ማግባባት አስማት አይደለም፤ ሰውየው በምንም መንገድ የማያደርገውን ነገር ዳይስ አያስደርገውም። ተጫዋቹ አንደበተ ርቱዕ መሆንም አይጠበቅበትም፤ የሚመዘነው የቀረበው ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሰው ማወቅ ላይ ታየ። ተጫዋቹ «ጠባቂው ይዋሻል?» ብሎ ይጥላል፤ 5 ይወጣል፤ ጨዋታ መሪው «እውነቱን የሚናገር ይመስልሃል» ይላል። ተጫዋቹ ግን 5 መውጣቱን አይቷልና አያምንም። ለዚህ የዝምታ ቁጥር ገባ፦ 10 ሲደመር ጭማሪው፣ በካርዱ ላይ ቀድሞ የተጻፈ። ጨዋታ መሪው በልቡ ከክብደት ቁጥሩ ጋር ያስተያየዋል፤ ዳይስ አይነካም። የሦስት ዳይስ አማካይ 10.5 ስለሆነ የመነሻው ሕግ 10 እዚህም ይገጥማል። ንቃትና ሰው ማወቅ ብቻ የዝምታ ቁጥር አላቸው።

ሦስተኛው የፉክክር ሙከራ ነው፤ ነጋዴው ያታልላል፣ ጠባቂው ይጠረጥራል፣ ሁለቱም ይጥላሉ። ጭማሪያቸው እኩል ሲሆን 9.3 በመቶ ጊዜ ድምሩ አንድ ይሆናል፤ ቸል የሚባል አይደለም። በመነሻው ሕግ እኩል ሲወጣ ሁኔታው እንደነበረ ይቀጥላል። ያንን ወሰድን። በተግባር ግን የፉክክር ሙከራን ወረቀቱ ላይ ወደ ጀርባው ገፋነው፤ የጠባቂው የዝምታ ቁጥር እንደ ክብደት ቁጥር ሆኖ ነጋዴው ብቻ ሲጥል ነገሩ ይፈጥናል፣ ውጤቱም ያን ያህል አይወዛወዝም።

ኅዳር 27

የወረቀቱ አቀማመጥ። የፊት ገጹ ላይኛ ሲሶ «ከመጣሉ በፊት» ሆነ፦ ምን ታደርጋለህ? ምን እንዲገኝ ነው? ቢከሽፍ ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ረቂቅ ይህ ክፍል ከዕድል ሰንጠረዡ በታች ነበር፤ ሰንጠረዡ ወደ ጀርባ ተዛወረ። ለጨዋታ መሪው እንጂ ለተጫዋቹ ከአራቱ የክብደት ቁጥሮች በላይ ስሌት አያስፈልገውም።

ካርዱ የኤ4 ሩብ ነው፤ 12ቱ ክህሎቶች በሁለት ዓምድ፣ ከእያንዳንዱ ጎን ለጭማሪው አንድ ሣጥን፣ ለንቃትና ለሰው ማወቅ ሁለተኛ ሣጥን። ፊደሉ ከ11 ነጥብ በታች ሲወርድ ሐ እና ሑ፣ ጸ እና ጿ በደብዛዛ መብራት አይለዩም፤ ስለዚህ 12 ነጥብ ሆነ። ቁጥሩ በእርሳስ ይጻፋል፤ ሥልጠና ሲጨመር ይለወጣልና። ካርዱን በፕላስቲክ ማሸግ ትተናል፤ እርሳስ አይዝም።

ያልተፈታ፦ በተከታታይ የሚጠሩ ሙከራዎች። ገደል ለመውጣት ሦስት ጊዜ ማስጣል 70 በመቶ ያህል ዕድል ያለውን ሰው ወደ 34 በመቶ ያወርደዋል። ለጊዜው ወረቀቱ «አንድ ሥራ፣ አንድ ሙከራ» ይላል። ረጅም ጉዞና ረጅም ድርድር ግን አንድ ውርወራ አይበቃቸውም። ቀጣዩ ሥራ ለእነዚህ ብቻ የሚሆን ቆጠራ መሥራት ነው፤ ከሁለት ክሽፈት በፊት ሦስት ስኬት በሚል እንጀምራለን፣ በዚያው ኬላ፣ በዚያው ጠባቂ ላይ።